የአዲስ ነርስ የመጀመሪያ ዓመት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አዲስ ተመራቂ ነርሶች ሥራ በጀመሩ ሰሞን የሚጠይቁኝ ጥያቄ ይመሳሰላል። ክፍሉ ይለያያል፣ ሆስፒታሉ ይለያያል፣ ጭንቀቱ ግን አንድ ነው። አብዛኛዎቹ ጥያቄዎች ደግሞ ጮክ ተብለው አይጠየቁም። "ይህን እንኳ አታውቅም ወይ?" መባል ያስፈራል። ስለዚህ ሰብሰብ አድርጌ እዚህ መልሻቸዋለሁ።

ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር ልበል። በመጀመሪያው ዓመት ሁሉን ማወቅ አይጠበቅባችሁም። የሚጠበቅባችሁ ታካሚው ላይ የተለወጠ ነገር ካለ ማየት፣ ያያችሁትን ቶሎ መናገርና ያላወቃችሁትን መጠየቅ ነው። የመድኃኒት መጠንንና የአሠራር ዝርዝርን በተመለከተ ሁልጊዜም የተቋማችሁ መመሪያ ይቀድማል።

ተመርቄ፣ ፈቃድ ይዤ ሥራ ስገባ ምንም እንደማላውቅ የሚሰማኝ ለምንድን ነው?

የተማራችሁት ስለጠፋባችሁ አይደለም። ተማሪ ሳላችሁ አንድ ታካሚ ይዛችሁ ግማሽ ቀን ትውሉ ነበር። ታሪኩን ትጠይቃላችሁ፣ የእንክብካቤ ዕቅድ ትጽፋላችሁ፣ ከኋላችሁ ደግሞ አስተማሪ ቆሟል። አሁን ግን ብዙ ታካሚ በአንዴ ይሰጣችኋል። የአንዱን የደም ግፊት እየለካችሁ የሌላው ፈሳሽ ያልቃል። ሦስተኛው ለቀዶ ሕክምና ይጠራል። የአራተኛው አስታማሚ ኮሪደር ላይ ጠብቃ ትይዛችኋለች። የጎደላችሁ እውቀቱ አይደለም፤ በዚህ ሁሉ ግርግር መሃል እውቀቱን መዝዞ የማውጣት ልምድ ነው።

ስሜቱ ስም ከወጣለት ቆይቷል። አሜሪካዊቷ ነርስ ማርሊን ክሬመር እ.ኤ.አ. በ1974 "የእውነታ ድንጋጤ" ብላ ጽፋበታለች። ትምህርት ቤት የተማርነው አሠራርና ዎርድ ውስጥ የሚጠብቀን ሥራ ሲጋጩ የሚመጣ ድንጋጤ ነው። ፓትሪሻ ቤነር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1984 አንድ ነርስ ከጀማሪነት እስከ ሊቅነት በአምስት ደረጃዎች እንደሚያልፍ አስረዳች። አዲስ ተመራቂን ያስቀመጠችው ሁለተኛው ደረጃ ላይ ነው። ሦስተኛው፣ ማለትም ሥራውን አቅዶ መምራት የሚቻልበት ደረጃ፣ በተመሳሳይ ክፍል ሁለት ሦስት ዓመት ከተሠራ በኋላ የሚመጣ ነው። እንግዲህ ሦስት ወር የሠራ ሰው ራሱን ከአሥር ዓመት ነርስ ጋር ሲያወዳድር ይታያችሁ። ፍርዱ ከመጀመሪያውም ትክክል አይሆንም።

ታዲያ እስከ መቼ ነው እንዲህ የሚቀጥለው?

ካናዳዊቷ ተመራማሪ ጁዲ ዱክሸር የመጀመሪያዎቹን 12 ወራት በሦስት ከፍላ ታያቸዋለች። የመጀመሪያዎቹ ሦስት አራት ወራት የሥራ ዝርዝር ማሯሯጥ ብቻ ናቸው። መድኃኒቱን መስጠት፣ ቁስሉን መቀየር፣ መጻፍ፣ መሮጥ። ለማሰብ ጊዜ የለም። ቀጣዮቹ አራት አምስት ወራት ላይ እጅ ይፈታል፤ ጥያቄ ግን ይበዛል። "ይህን ሥራ በእርግጥ እፈልገዋለሁ?" የሚለው ሐሳብ ብዙዎችን የሚይዛቸው እዚህ ጋ ነው። ወደ ዓመቱ መጨረሻ ነገሮች ይረጋጋሉ።

ይህን የምነግራችሁ በአምስተኛው ወር ድንገት ሞራላችሁ ሲወርድ እንዳትደናገጡ ነው። ብዙ ሰው መጀመሪያው ከበደ እንጂ ከዚያ በኋላ እየቀለለ ብቻ የሚሄድ ይመስለዋል። እንዲያ አይደለም፤ መሃል ላይ አንድ ቁልቁለት አለ።

የተረኛ ርክክብ ላይ ምን ልጻፍ? ሁሉም ነገር ያመልጠኛል።

አንድ ወረቀት አጣጥፋችሁ ኪሳችሁ ክተቱ። ለእያንዳንዱ ታካሚ የአልጋ ቁጥር፣ ስም፣ ዕድሜ፣ በምን እንደተኛና ስንተኛ ቀኑ እንደሆነ ጻፉ። መድኃኒት የማይስማማው ከሆነ በትልቁ ጻፉት። ከዚያ ምን ቱቦ እንደተሰካለት፣ በስንት ሰዓት ምን መድኃኒት እንዳለውና ምን እየተጠበቀ እንደሆነ፦ የላብራቶሪ ውጤት፣ ኤክስሬይ፣ የስፔሻሊስት አስተያየት። ከአጠገቡ የሰዓት መስመር አስምሩ። የተሠራውን እየሰረዛችሁ ትሄዳላችሁ።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን የምታስረክባችሁን ነርስ የምትጠይቁት አንድ ጥያቄ ነው። "ከነዚህ ውስጥ ማን ነው ያሳሰበሽ?" በሉ። ቻርት ላይ ያልተጻፈ ነገር የሚወጣው ያኔ ነው። "ቁጥሩ ደህና ነው፤ ግን ከትናንት ጀምሮ ፊቱ አላማረኝም" ትላችኋለች። መጀመሪያ የምታዩት ሰው እሱ ነው።

ከተቻለ ርክክቡን አልጋ ለአልጋ እየዞራችሁ አድርጉት። የተሰቀለው ፈሳሽ ቻርቱ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑን፣ ካኑላው (ደም ሥር ውስጥ የሚገባው ቀጭን ቱቦ) የገባበት ቦታ አለማበጡን፣ ኦክስጅኑ የታዘዘው መጠን ላይ መሆኑን፣ የሽንት ከረጢቱ ውስጥ ምን ያህል እንዳለ ሁለታችሁም አብራችሁ ታያላችሁ። አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ስትወጡ ወረቀቷን ቤት ይዛችሁ አትሂዱ። የሰው ምስጢር ነው፤ እዚያው መወገድ አለበት።

አራት ሰው በአንዴ ሲጠራኝ ከማን ልጀምር?

አንድ ጠዋት እናስብ። ትናንት ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው አመመኝ ይላል። የአንድ ታካሚ የፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ሰዓቱ ደርሷል። አንድ አስታማሚ የመውጫ ወረቀት እየጠየቀ ነው። በሳንባ ምች የተኛች ሴት ደግሞ ምንም አልተናገረችም፤ ግን አልጋዋ ላይ ቀጥ ብላ ተቀምጣ ቶሎ ቶሎ ትተነፍሳለች።

የምትሄዱት ወደማትናገረዋ ነው። የአየር መተላለፊያ፣ አተነፋፈስ፣ የደም ዝውውር፦ ቅደም ተከተሉ ትምህርት ቤት የተማራችሁት ነው፤ አልተለወጠም። ከዚያ ሕመሙ፣ ከዚያ መድኃኒቱ፣ ከዚያ ወረቀቱ። ለሌሎቹም ዝም ብላችሁ አትለፉ። "አይቻችኋለሁ፣ አንድ የባሰበት ሰው አለ፣ እመለሳለሁ" በሏቸው። ሰው የሚናደደው በመጠበቁ ሳይሆን የተረሳ ሲመስለው ነው። እመለሳለሁ ካላችሁ ደግሞ ተመለሱ።

ስለ አተነፋፈስ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ እጅግ የሚያሳስበኝ ነገር ነው። በየቻርቱ ለሁሉም ታካሚ 20፣ 20፣ 20 ተብሎ ሲጻፍ ታያላችሁ። ሳይቆጠር ነው። ማሽን የማይለካልን፣ ሰው ቆሞ መቁጠር ያለበት ስለሆነ ይዘለላል። ጎልማሳ ሰው በእረፍት ላይ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል። የታካሚ ሁኔታ መበላሸት ሲጀምር ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚለወጠው ይህ ቁጥር ነው፤ የደም ግፊት የሚወርደው ዘግይቶ ነው። እንግሊዝ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣውና በ2017 የተሻሻለው የቅድመ ማስጠንቀቂያ ነጥብ አሰጣጥ በደቂቃ 25 እና ከዚያ በላይ መተንፈስን ብቻውን 3 ነጥብ ይሰጠዋል። ለአንድ መለኪያ ከዚያ በላይ ነጥብ የለም። ስለዚህ የልብ ምት የምትቆጥሩ መስላችሁ የታካሚውን እጅ ያዙና ደረቱን እያያችሁ ሙሉ አንድ ደቂቃ ቁጠሩ። እየቆጠራችሁ መሆኑን ካወቀ አተነፋፈሱን ይለውጣል።

ሌላም አለ። ጸጥ ያለ ሰው ድንገት ሲቅበጠበጥ፣ ሲያወራ የነበረ ሰው ዝም ሲል፣ ወይም ታካሚው ራሱ "ደህና አይደለሁም፣ የሆነ ነገር እየሆንኩ ነው" ሲል እመኑት። ቁጥሩ ደህና ቢሆንም ተመልሳችሁ እዩት።

ለሐኪም ስደውል እንተባተባለሁ። ምን ልበል?

ከመደወላችሁ በፊት ታካሚውን ራሳችሁ እዩት። ቫይታል ሳይን (የልብ ምት፣ ግፊት፣ አተነፋፈስ፣ ሙቀት) አዲስ ለኩ። ቻርቱን እጃችሁ ላይ ያዙ። ከዚያ በአራት ደረጃ ተናገሩ፦ አሁን ምን ተፈጠረ፣ ታሪኩ ምንድን ነው፣ እኔ ምን አየሁ፣ ምን እፈልጋለሁ። ኤስባር የሚባለው ይህ ነው። መነሻው የአሜሪካ ባሕር ኃይል የኑክሌር ሰርጓጅ መርከቦች ናቸው፤ ወደ ሕክምና የገባው በኋላ ነው። አጭር፣ ግልጽና የማያሻማ መልእክት የሚፈለግበት ቦታ ሁሉ ይሠራል።

በሥራ ላይ እንዲህ ይመስላል፦

"ዶክተር፣ ከቀዶ ሕክምና ዎርድ ነው የምደውለው፤ ተረኛ ነርስ ነኝ። ስለ አልጋ 6 ታካሚ ነው። የልብ ምታቸው 124 ገብቷል፣ ግፊታቸው 92 በ58 ነው። የ54 ዓመት ሰው ናቸው፣ ትናንት የአንጀት ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸዋል። ጠዋት ግፊታቸው 128 በ76 ነበር። አሁን ሆዳቸው ተነፍቷል፣ እጅና እግራቸው ቀዝቅዟል፣ ባለፉት 3 ሰዓታት የወጣቸው ሽንት 40 ሚሊ ሊትር ብቻ ነው። ውስጥ ለውስጥ እየደሙ እንዳይሆን ሰግቻለሁ። አሁኑኑ መጥተው እንዲያዩልኝ እፈልጋለሁ። እስከዚያ ለምርመራ ደም ልቅዳ?"

ከግማሽ ደቂቃ ብዙም አይበልጥም። አዲስ ነርሶች የሚዘሉት የመጨረሻውን ነው። "ግፊቱ ወርዷል" ብለው ዝም ይላሉ። እንቅልፍ ላይ ያለ ሐኪም "እሺ፣ ተከታተሉት" ብሎ ስልኩን ሊዘጋ ይችላል። "መጥተው እንዲያዩልኝ እፈልጋለሁ" ስትሉ ግን የተጠየቀው ነገር ግልጽ ነው። መጀመሪያ ላይ በወረቀት ጽፋችሁ ብታነቡት ማንም አይስቅባችሁም።

በስልክ ትእዛዝ ከተሰጣችሁ ጻፉት፣ መልሳችሁ አንብቡለት፣ "ልክ ነው" ሲል ብቻ ፈጽሙ። ካልመጣ ድጋሚ ደውሉ። አሁንም ካልሆነ ለሲኒየር ነርስ ወይም ለክፍሉ ኃላፊ ንገሩና ከእሱ በላይ ላለው ሐኪም ይደወል። የደወላችሁበትን ሰዓትና የተባላችሁትን ቻርቱ ላይ አስፍሩ። ይህ ሰው መክሰስ አይደለም። ታካሚው የእናንተም ኃላፊነት ስለሆነ ነው።

ደውዬ ምንም ያልሆነ ነገር ቢሆንስ?

ምንም አይደለም። ያለ ምክንያት የተደወለ ስልክ የሚያስከፍለው አንድ ግልምጫ ነው። ያልተደወለው ስልክ የሚያስከፍለውን ታውቁታላችሁ።

መድኃኒት ላይ ስህተት እንዳልሠራ ምን ላድርግ?

አምስቱን ትክክሎች ታውቋቸዋላችሁ፦ ትክክለኛው ታካሚ፣ መድኃኒት፣ መጠን፣ መንገድ፣ ሰዓት። ችግሩ ማወቁ አይደለም፤ በሃያኛው መድኃኒት ላይም እንደ መጀመሪያው መፈተሹ ነው። ጥቂት ነገሮች ብቻ ላክል።

ታካሚውን "አቶ እገሌ ነዎት?" ብላችሁ አትጠይቁ። ያልሰማ፣ የደከመ ወይም የፈራ ሰው "አዎ" ይላል። "ሙሉ ስምዎን ይንገሩኝ" በሉ፤ ከዚያ ከካርዱና ከእጁ መለያ ጋር አስተያዩ።

ነጥብ የሰው ሕይወት ያጠፋል። ግማሽ ስትጽፉ 0.5 ጻፉ እንጂ ዜሮውን ትታችሁ በነጥብ አትጀምሩ፤ ነጥቡ ካልታየ 5 ሆኖ ይነበባል። አምስት ስትጽፉ ደግሞ 5 ብቻ ጻፉ፤ 5.0 ካላችሁ 50 ሆኖ ሊነበብ ይችላል። በሁለቱም መንገድ ታካሚው አሥር እጥፍ ይወስዳል።

ኢንሱሊን፣ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ሄፓሪን፣ እንደ ሞርፊን ያሉ ጠንካራ የሕመም ማስታገሻዎችና ፖታሲየም ክሎራይድ ለየት ያለ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። በጥቂት ስህተት ብዙ ጉዳት ያደርሳሉ። ስታዘጋጁ ሌላ ነርስ ለብቻዋ አስልታ ታረጋግጥላችሁ። ያልተበረዘ ፖታሲየም ክሎራይድ በቀጥታ በደም ሥር በፍጹም አይገፋም። ልብ ያቆማል። ማንም ቢያዝዛችሁ፣ ማንም ቢቸኩልባችሁ።

ስሌት ላይ አትፈሩ፤ ግን በቃላችሁ አትሥሩ። 1000 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ በ8 ሰዓት እንዲገባ ታዟል እንበል። የፈሳሹ መስጫ ቱቦ በሚሊ ሊትር 20 ጠብታ ይሰጣል። 1000 በ20 ሲባዛ 20,000 ጠብታ ይሆናል። 8 ሰዓት 480 ደቂቃ ነው። 20,000 ለ480 ሲካፈል 41.7፣ ማለትም በደቂቃ 42 ጠብታ ገደማ። መስጫው በሚሊ ሊትር ስንት ጠብታ እንደሚሰጥ ማሸጊያው ላይ ተጽፏል፤ ሁሉም 20 አይደለም። ውጤቱን ካገኛችሁ በኋላ ደግሞ ራሳችሁን ጠይቁ፦ ይህ ቁጥር ያስኬዳል ወይ? ለአንድ ዶዝ ስድስት አምፑል (የመድኃኒት ብልቃጥ) መክፈት ካስፈለጋችሁ ቁሙ። ስሌቱ ወይም ትእዛዙ ተሳስቶ ሊሆን ይችላል።

መድኃኒት እያዘጋጃችሁ ሰው ሲያናግራችሁ "አንዴ ልጨርስ" በሉ። ነውር የለውም። ካቋረጣችሁ ግን ከመጀመሪያው ጀምሩ።

ስህተት ከሠራሁስ?

መጀመሪያ ወደ ታካሚው። ቫይታል ሳይን ለኩ፣ እየገባ ያለ ነገር ካለ አቁሙ፣ ለሐኪሙና ለኃላፊያችሁ ወዲያው ንገሩ። ቻርቱ ላይ የሆነውን እንደሆነው ጻፉ፦ ምን ተሰጠ፣ ስንት ሰዓት፣ ምን ተደረገ። ሰበብ አትጻፉ፣ ሌላ ሰው አትውቀሱ፣ የተጻፈ ነገር አትሰርዙ። የተቋሙን የስህተት ሪፖርትም ሙሉ።

እንግሊዛዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ጄምስ ሪዝን አደጋን ሲያስረዳ እንደተደረደሩ የአይብ ቁራጮች አድርጎ ነበር። እያንዳንዱ ቁራጭ መከላከያ ነው፤ እያንዳንዱም ቀዳዳ አለው። አደጋ የሚደርሰው ቀዳዳዎቹ በአንድ መስመር ሲገጥሙ ነው። ነርሷ የመጨረሻዋ ቁራጭ ስለሆነች ብቻ ጥፋቱ ሁሉ የሷ ይመስላል። የሚመሳሰሉ አምፑሎች አንድ መሳቢያ ውስጥ ነበሩ? የእጅ ጽሑፉ አይነበብም ነበር? ስንት ታካሚ ተሰጥቷት ነበር? ሪፖርት ካልተደረገ እነዚህን ማንም አይጠይቅም፤ ነገ ሌላዋ አዲስ ነርስ እዚያው ቀዳዳ ውስጥ ትገባለች።

በየቦታው ሪፖርት ያደረገን ሰው የሚያሸማቅቁ ኃላፊዎች አሉ። አውቃለሁ። ያሳዝነኛል፣ ያናድደኛልም። ቢሆንም ተናገሩ። የተደበቀ ስህተት ታካሚው መዳን በሚችልበት ሰዓት እርዳታ እንዳያገኝ ያደርጋል።

መርፌ ቢወጋኝ ምን ላድርግ?

ቦታውን ወዲያው በውሃና በሳሙና እጠቡት። አትጭመቁት፣ አትምጠጡት፣ በረኪናም አታድርጉበት። ዓይን ውስጥ ደም ከገባ በብዙ ንጹሕ ውሃ እጠቡ። ከዚያ በዚያው ሰዓት ሪፖርት አድርጉ። ፈረቃው ይለቅ ብላችሁ አትጠብቁ። ኤችአይቪን ለመከላከል የሚሰጠው መድኃኒት በቶሎ በተጀመረ ቁጥር ይሻላል፤ ከ72 ሰዓት ካለፈ አይጀመርም። ከተጀመረ የሚወሰደው 28 ቀን ነው። የሄፓታይተስ ቢ ክትባታችሁን ካልጨረሳችሁ ደግሞ አደጋ ሳይመጣ ዛሬውኑ ጠይቁ።

ብዙ ጊዜ መወጋት የሚደርሰው የተጠቀሙበትን መርፌ መልሶ ክዳን ውስጥ ለመክተት ሲሞከርና ሴፍቲ ቦክሱ (ያገለገለ መርፌ የሚጣልበት ሳጥን) እስከ አፉ ሲሞላ ነው። ሴፍቲ ቦክሱን አልጋው ዳር ይዛችሁ ሂዱ። ሦስት አራተኛው ከሞላ ዝጉትና ሌላ አምጡ።

ካኑላ ማስገባት አቅቶኛል። እጄ ይንቀጠቀጣል።

እጅ በሥራ ይፈታል፤ ሌላ መንገድ የለውም። የምትችሉት ግን አለ። ወንበር ስባችሁ ተቀመጡ፤ ጎንበስ ብሎ የቆመ ሰው እጁ ይንቀጠቀጣል። የታካሚውን ክንድ ከልቡ በታች ዝቅ አድርጉ። ከቀዘቀዘ በሞቀ ጨርቅ አሙቁት። ደም ሥሩን በዓይን ብቻ አትፈልጉ፤ በጣት ዳስሱት። ሲጫኑት ወርዶ ተመልሶ የሚነሳውን ምረጡ። ቆዳውን ወደታች ወጠር አድርጉና ዝቅ ባለ ማዕዘን ግቡ። ደም ብቅ ሲል አትደሰቱና አትቁሙ፤ ጥቂት ዝቅ አድርጋችሁ ጥቂት ግፉ፣ ከዚያ ፕላስቲኩን ብቻ አስገቡ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ደሙ እንደታየ መርፌውን ሲስብ ነው።

ሁለቴ ሞክራችሁ ካልሆነ ሌላ ሰው ጥሩ። ታካሚው የመለማመጃ ክንድ አይደለም። ከዚያ ግን ጥላችሁ አትሂዱ፤ ቆማችሁ እዩ።

ሲኒየሮች ያመናጭቁኛል። ልቻለው?

መታረምና መዋረድ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። "ይህን ቱቦ እንዲህ አትያዥው፣ ይበከላል" መታረም ነው። ድምፁ ሻካራ ቢሆንም ውሰዱት። ታካሚ ፊት መሳደብ፣ ሆን ብሎ መረጃ መደበቅ፣ "አንቺ ደሞ ምን ታውቂያለሽ" እያሉ ጥያቄን ማፈን ግን ማዋረድ ነው። ከክፉ ጠባይም በላይ የታካሚ አደጋ ነው፤ የተሸማቀቀ ነርስ አይጠይቅም፣ ያልጠየቀ ደግሞ ይሳሳታል።

ለብቻ ሆናችሁ በእርጋታ ተናገሩ። "ስሳሳት ንገሪኝ፣ ታካሚ ፊት ግን አይሁን" ማለት ይቻላል። ካልተለወጠ ቀንና ሰዓት እየያዛችሁ ለኃላፊ አቅርቡ። ከዚያ ሁሉ በፊት ግን ክፍሉ ውስጥ አንድ ደግ ሰው ፈልጉ። በእያንዳንዱ ዎርድ አለች። ጥያቄ ሲጠየቅ ፊቷ የማይቀየር፣ እየሠራች የምታስረዳ። ተረኝነታችሁ ከሷ ጋር እንዲገጥም ለምኑ።

ይህን የምታነቡ ነባር ነርሶችም ካላችሁ፣ እባካችሁ፣ አዲሷን ልጅ በስሟ ጥሯት።

የማታ ተረኝነትን እንዴት ልልመደው?

ሙሉ በሙሉ አይለመድም። ሰውነታችን ሌሊት እንዲተኛ ነው የተሠራው። ከሌሊቱ ዘጠኝ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ የሰውነት ሙቀት ይወርዳል፣ ንቃትም አብሮ። መድኃኒት ማስላት ካለባችሁ በዚያ ሰዓት ሁለቴ አስሉ፤ ለሌላ ሰውም አሳዩ።

ከመግባታችሁ በፊት ከሰዓት በኋላ ትንሽ ተኙ። እረፍት ከተፈቀደ 20 ደቂቃ ማሸለብ ይጠቅማል። ቡናን በመጀመሪያው ግማሽ ሌሊት ጠጡትና ተዉት፤ ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት አምስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ቤት ስትገቡ ክፍሉን አጨልሙ፣ ስልኩን ዝም አሰኙ። ቤተሰብም መረዳት አለበት፤ ቀን የተኛ ነርስ ሰነፍ አይደለም። ደክሟችሁ ዓይናችሁ እየተከደነ መኪና አትንዱ።

የመጀመሪያ ታካሚዬ ሲሞት ምን አደርጋለሁ?

ለዚህ የሚያዘጋጅ ትምህርት የለም። ግን ምን እንደሚሠራ ማወቅ ይረዳል።

ሐኪሙ ካረጋገጠ በኋላ መጋረጃ ይሳባል። ዓይን በቀስታ ይከደናል። በመመሪያው መሠረት የሚወጡት ቱቦዎች ይወጣሉ፣ ሰውነቱ ይታጠባል፣ ይስተካከላል። ለዚህ ሥራ ከነባር ነርስ ጋር ግቡ፤ ብቻችሁን አትግቡ። ጥሩ ነርሶች የሞተውን ሰው አሁንም በስሙ ሲጠሩት፣ "አሁን ላገላብጥዎት ነው" ሲሉት ትሰማላችሁ። ሥራው እስከ መጨረሻው ክብር ያለው እንደሆነ የሚገባችሁ ያኔ ነው።

ለቤተሰብ ብዙ አትናገሩ። "አረፉ" ወይም "ሞቱ" በሉ፤ "አጣናቸው"፣ "አልቻልንም" ዓይነት የሚያሻማ ነገር ተስፋ ያስቀጥላል። ከዚያ ዝም በሉና አብራችሁ ቁሙ። መቀመጫ ስጧቸው። ከተፈቀደ ገብተው እንዲያዩ አድርጉ። ዕንባ ከመጣችሁ ይምጣ። ማልቀስ ከሙያ አያወጣም፤ ሌላው ታካሚ ጋ መድረስ እስካልከለከለ ድረስ።

በኋላ ለአንድ ሰው አውሩት። የታካሚውን ምስጢር ሳታወጡ፣ የተሰማችሁን። የሆነው ነገር በተደጋጋሚ ትዝ እያላችሁ እንቅልፍ ከነሳችሁ፣ ወደ ሥራ መሄድ ሲታሰብ ሆዳችሁ ከታመመ፣ ወይም መኖር ካስጠላችሁ ጊዜ ሳትሰጡ ባለሙያ አነጋግሩ። ሌላውን የምታስታምሙ እናንተም ትታከማላችሁ።

አስታማሚ ሲቆጣብኝ?

ተቀመጡ፤ ቢያንስ አትራመዱ። እየሄደ የሚመልስ ነርስ እሳት ላይ ቤንዚን ያፈሳል። ቁጣው ብዙውን ጊዜ ፍርሃት ነው። "ምን ተነገራችሁ? ምን ገባችሁ?" ብላችሁ ጠይቁ። የማታውቁትን "ሐኪሙን ጠይቄ እነግራችኋለሁ" በሉ። ማስፈራራትና መምታት ግን የሥራው አካል አይደለም፤ ከክፍሉ ውጡና እርዳታ ጥሩ።

ልልቀቅ ወይስ ልቆይ?

በአዳር ማግስት አትወስኑ። መጀመሪያ ያስጠላችሁ ምን እንደሆነ ለዩ። ሙያው ነው? ክፍሉ ነው? አንድ ሰው ነው? ወይስ እንቅልፍ ማጣት? ክፍል መቀየር ከሙያ መውጣት አይደለም። ድንገተኛ ክፍል ትንፋሽ ያጠረባት ነርስ የሕፃናት ክፍል ስትገባ ስታብብ አይቻለሁ፤ ተቃራኒውንም አይቻለሁ። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ሁኔታው ጤናችሁን ወይም ፈቃዳችሁን አደጋ ላይ እስካልጣለ ድረስ አንድ ዓመቱን ሙሉት። ስድስተኛው ወር ላይ ያለው ሰው የሚያየው ቁልቁለቱን ብቻ ነው። ሊያዝ ከማይችል የታካሚ ብዛት ጋር በየቀኑ ብቻችሁን ከተተዋችሁና ተናግራችሁም ሰሚ ካጣችሁ ግን መልቀቅ ሽንፈት አይደለም።

ቤት ከገባሁ በኋላ አንድ ነገር እንደረሳሁ ትዝ ቢለኝስ?

ሁሉም ነርስ ላይ ይደርሳል። አልጋ ላይ ጋደም ስትሉ ብልጭ ይላል፦ የአልጋ 3 ስኳር መለካት እንዳለበት አላስረከብኩም። "ያዩታል፣ ቻርቱ ላይ አለ" ብላችሁ አትገላበጡ። ለዎርዱ ደውሉ። "ይቅርታ፣ ስወጣ የአልጋ 3 ስኳር መለካት እንዳለበት ሳልነግርሽ ወጣሁ" በሉ። ያቺ ተረኛ ስልኩን ዘግታ ትለካለች። ሌሊትም ቢሆን ደውሉ፤ የዎርድ ስልክ አንሺ አለው።